ጠገራ ብር ከመሸጥዎ በፊት ዋጋውን እንዴት ይገምታሉ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ባለንብረቶች የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

ከአያት ሣጥን የወጣ ጠገራ ይዘው ወደ ገበያ የሚወጡ ሰዎች በአብዛኛው ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ይወድቃሉ። አንዳንዶቹ ሳንቲሙ ላይ 1780 የሚል ቁጥር አይተው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ብርቅ ዕቃ እንደያዙ በማመን ማንም የማይከፍለውን ዋጋ ይጠይቁና ወራት ሲንከራተቱ ይከርማሉ። ሌሎቹ ደግሞ ወርቅ ቤቱ ሁሉንም በአንድነት መዝኖ በግራም የቆረጠላቸውን ይቀበሉና፣ ከመካከሉ የነበረውን ያልተነካ የምኒልክ ጠገራ ለማቅለጫ አስረክበው ይመለሳሉ። ይህ መመሪያ ከሁለቱም እንዲድኑ ቤትዎ ተቀምጠው በቅደም ተከተል ሊሠሩት የሚገባውን ያሳያል።

አንድ የቃል ማስጠንቀቂያ ይቅደም። በአማርኛ «ብር» ማዕድኑም፣ የምንገበያይበት ገንዘብም፣ የቀድሞው ሳንቲምም ነው፤ በድርድር ላይ ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሣውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ሳንቲሙ «ጠገራ»፣ ማዕድኑ «ንጹሕ ብር» ተብሎ ይጠራል፤ «ብር» ከቁጥር ቀጥሎ ብቻውን ሲመጣ ገንዘቡን ያመለክታል። እርስዎም ከገዢ ጋር ሲነጋገሩ እንዲሁ ለይተው ይናገሩ።

ከመጀመርዎ በፊት የሚጣሩ ነገሮች

ባለቤትነቱን ያጣሩ። ጠገራው የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ መስማማታቸውን በጽሑፍ ያስፍሩ። ገዢ ተገኝቶ ቀብድ ከተቀበሉ በኋላ እኅት ወይም ወንድም «የእናቴን ጌጥ ማን ሽጥ አለህ?» ብሎ ቢነሣ፣ ዋጋውም ዝምድናውም አብረው ይበላሻሉ።

ከየት እንደመጣ ይወቁ። ጠገራው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ ሳይሆን መሠረት ሲቆፈር ወይም ማሳ ሲታረስ ከመሬት የወጣ ከሆነ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘን ቅርስ የማሳወቅ ግዴታ ስለሚጥል፣ ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ከተማው ወይም ወደ ዞኑ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም የተከለከለ ነው፤ በመሆኑም ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ላክልኝ፣ እዚህ እጥፍ ያወጣል» ቢልዎት ያንን ዋጋ በሒሳብዎ ውስጥ አያስገቡ።

ከዚያው ሣጥን አሮጌ ሽጉጥ አብሮ ቢወጣ ይህ መመሪያ አይመለከተውም። የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ ሌላ ጉዳይ ነው፤ «ያረጀ ነው፣ አይተኩስም» ማለት ከሕጉ አያወጣም። አይነካኩት፣ ለማስገመትም ይዘውት አይውጡ፤ ለፖሊስ ያሳውቁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ዋነኛው ነው። የወጥ ቤት ሚዛን በሙሉ ግራም ስለሚያነብ ለዚህ ሥራ አይረባም፤ ሚዛኑን መግዛት ካልፈለጉ ከሚያምኑት ወርቅ ሠሪ ለአንድ ሰዓት ይዋሱ። ከዚህ ሌላ ሚሊ ሜትር የሚያሳይ ማስመሪያ ወይም ካሊፐር፣ ማግኔት፣ ማጉያ መነጽር፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ቀጭን የስፌት ክር፣ ነጭ ጨርቅ፣ ደብተር፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ ጠገራ አንድ አንድ የወረቀት ፖስታ ያዘጋጁ። የፌስታል ከረጢት አይጠቀሙ፤ አንዳንዱ ላስቲክ ውሎ ሲያድር ብርን የሚያጣብቅና አረንጓዴ የሚያደርግ ነገር ይለቃል።

ደረጃ 1፦ አይወልውሉት

ከሁሉም በፊት የሚመጣው እጅን መሰብሰብ ነው። ጠገራውን በአመድ፣ በአሸዋ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በለስላሳ መጠጥ ወይም በብረት መፈተጊያ አይንኩት። ጥቁረቱ ዝገት ወይም እድፍ መስሎ ቢታይም ብር ከአየር ጋር ሲቆይ የሚያወጣው ልባስ ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው። ሲፈተግ ከጥቁረቱ ጋር የፊቱ መስመር፣ የፀጉሩና የጎፈሩ ዝርዝር አብሮ ይሄዳል፤ የሄደውን ደግሞ መመለሻ የለውም።

ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። በልጅነቴ ለበዓል እንዲያበሩ ብዬ የአያቴን ሰባት ጠገራዎች በአመድና በሎሚ ፈትጌ መስታወት አስመሰልኳቸው፤ ሁሉም ሰው አመሰገነኝ። ከዓመታት በኋላ ለማስገመት ስንወስዳቸው ያያቸው ሰው አንዱን የምኒልክ ጠገራ አገላብጦ፣ የአንበሳው ጎፈር ወደ ለስላሳ ጉብታ መለወጡን አሳይቶኝ፣ ከማርትሬዛዎቹ (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ካለባቸው ጠገራዎች) ጋር በግራም መዘነው።

አፈር ወይም ቅባት ካለበት ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና በጣትዎ ብቻ ነክረው ያውጡት፤ ከዚያ ሳያሹ በጨርቁ ላይ አስተኝተው ያድርቁት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በጠርዙ ይያዙት።

አስቀድሞ ተወልውሎ ከሆነ፦ እንደገና ለማጥቆር አይሞክሩ። በጭስ ወይም በመድኃኒት የጠቆረ ጠገራ ለሚያውቅ ሰው ወዲያው ይታወቀዋል፤ ከተጠረጠሩ ደግሞ የቀሩትም ጠገራዎች አብረው ይጠረጠራሉ። «የተወለወለ» ብለው በደብተርዎ ይመዝግቡና ይለፉ።

ደረጃ 2፦ ዓይነቱን ይለዩ

ጠገራዎቹን በነጩ ጨርቅ ላይ ዘርግተው እንደየዓይነታቸው ለየብቻ ያስቀምጧቸው።

ማርትሬዛ። በአንድ ገጹ ወደ ቀኝ የምትመለከት፣ ከራሷ ላይ መጎናጸፊያ የጣለች ወፈር ያለች ሴት፣ በሌላው ገጹ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለበት። ከሴቲቱ ደረት በታች ኤስ እና ኤፍ የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይታያሉ። በንስሩ በኩል በጽሑፉ መጨረሻ 1780 የሚለው ዓመት፣ ከእርሱም ቀጥሎ ጋደል ያለ ትንሽ መስቀል አለ። ጠርዙ ላይ ደግሞ «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከፍ ከፍ ብሎ ተቀርጿል፤ አቅልጦ በማፍሰስ የተሠራ ሐሰተኛ ብዙ ጊዜ የሚያቅተው ይህ ጠርዝ ስለሆነ ማጉያውን ይዘው ዙሪያውን ይመልከቱት። የጥንት ነጋዴዎች በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር፤ ይህ ዛሬ ብቻውን ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉበትን ነገር ልብ ይበሉ። ንግሥቲቱ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1780 ነው፤ ሳንቲሙ ግን ከሞተች በኋላም ዓመቱ ሳይቀየር በቪየና፣ ኋላም በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ሲሠራ ቆይቷል። ጣሊያን አገራችንን በወረረችበት ዘመን ለዚሁ ለኢትዮጵያ ገበያ ብላ በሮም አሠርታዋለች፤ ቪየና እስከ ዛሬም ታትማለች። የተሠራው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ስለሆነ 1780 የሚለው ቁጥር የዕድሜ ምስክር አይሆንም። በእጅዎ ያለው ላይ ከ1780 የተለየ ዓመት ካዩ ግን ለብቻው በፖስታ ያድርጉት፤ እርሱን የሚያውቅ ሰው ሳያይ አይሸጥም።

የምኒልክ ጠገራ። በአንድ ገጹ ዘውድ የደፉት የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ ሰንደቅ ይዞ ይታያል። ፓሪስ ውስጥ የተሠራ ሲሆን ዓመቱ በግእዝ አኃዝ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ተጽፏል፦ ፲፰፻፹፯ ማለት 1887፣ ፲፰፻፹፱ ማለት 1889፣ ፲፰፻፺፪ ማለት 1892፣ ፲፰፻፺፭ ማለት 1895 ነው። ጽሑፉ ያለቀ ከሆነ የስልክዎን መብራት ከጎን በኩል ዝቅ አድርገው ያብሩበት፤ ፊት ለፊት ሲበራ የማይታይ አኃዝ በጥላው ይነበባል። አንበሳው ያነሣው የፊት እግር የግራው ይሁን የቀኙ አይተው ይጻፉ፤ ሰብሳቢዎች ሁለቱን እንደ ተለያዩ ዓይነቶች ስለሚይዟቸው ገዢው ይጠይቅዎታል። ከሙሉው በተጨማሪ ግማሹ አላድ፣ አራተኛው ሩብ፣ ስምንተኛው ተሙን ይባላሉ፤ ከሁሉ የሚያንሰው ግርሽ ነው። ትንንሾቹን ንቀው ለልጅ መጫወቻ አይስጡ፤ ያልተበላ ተሙን ከተበላ ሙሉ ጠገራ ይልቅ ፈላጊ ሊኖረው ይችላል።

የኃይለ ሥላሴ 50 ሳንቲም። ዓመቱ ፲፱፻፴፮ ማለትም 1936 ሲሆን ብር ያለበት ሃምሳው ብቻ ነው፤ ተመሳሳይ ዓመት ያላቸው 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲሞች መዳብ ናቸው። የመጀመሪያው 25 ሳንቲም ክብ ስለነበረና መጠኑ ከሃምሳው ጋር ስለሚቀራረብ በብር እየተለበጠ እንደ ሃምሳ ሲያልፍ ተገኝቶ ነው በኋላ ጠርዙ ሞገድ የተደረገው። ስለዚህ ያረጀ ሃምሳ ሲያዩ ጠርዙን በማጉያ ይመርምሩ፤ ቀይ ካበራ መዳብ ነው።

የጣሊያን ጠገራዎች። ጣሊያን ማርትሬዛን ለመተካት በ1918 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያሠራችው፣ የሴት ምስል ያለበት ተመሳሳይ ሳንቲም አለ፤ ለኤርትራ ቅኝ ግዛት በ1891ና በ1896 የተሠሩ የንጉሥ ምስል ያለባቸውም አሉ። እነዚህ ከማርትሬዛ ክምር ውስጥ ተደባልቀው በወሎ ሣጥኖች ይገኛሉ። ቁጥራቸው ከማርትሬዛ እጅግ ያነሰ በመሆኑ አይደባልቋቸው።

ደረጃ 3፦ ይመዝኑና ይለኩ

ሚዛኑን በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፣ በርና መስኮት ይዝጉ፣ ዜሮ ማንበቡን ያረጋግጡ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ መዝነው መካከለኛውን ይጻፉ። ያልተበላ ማርትሬዛ 28.07 ግራም፣ ሙሉው የምኒልክ ጠገራም እንዲሁ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አላድ 14.04፣ ሩብ 7.02፣ ተሙን 3.51፣ የኃይለ ሥላሴ ሃምሳ ደግሞ 7.03 ግራም ነው። የሙሉዎቹ ስፋት ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይጠጋል።

በእጅ ብዙ የዞረ ጠገራ ግማሽ ወይም አንድ ግራም ቢጎድል የሚያስደነግጥ አይደለም። ከ28.3 ግራም በላይ ከመዘነ ወይም ከ26.5 በታች ከወረደ ግን አንድ ነገር አለ፦ ወይ ብየዳ ተጨምሮበታል፣ ወይ ተበስቷል፣ ወይ ከጠርዙ ተሞርዷል፣ ወይ ሐሰተኛ ነው።

ሽማግሌዎችና አንዳንድ አንጥረኞች አሁንም በወቄት ይናገራሉ። አንድ ወቄት 28 ግራም ያህል፣ የአንድ ጠገራ ክብደት ነው፤ በዓለም ገበያ የብር ዋጋ የሚነገርበት አውንስ ግን 31.10 ግራም ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያሰላ ሰው በእያንዳንዱ ላይ ከሦስት ግራም በላይ ይስታል።

ማግኔቱንም በዚሁ ጊዜ ያስጠጉ። ከሳበው ውስጡ ብረት አለ፣ እዚሁ ያቁሙ። ካልሳበው ግን ገና ምንም አልተረጋገጠም፤ መዳብም፣ ናስም፣ እርሳስም በማግኔት አይሳቡም።

ደረጃ 4፦ በውኃ ይፈትኑ

ብዙ ሰው ይህን ፈተና ስለማያውቀው ጠገራውን ድንጋይ ላይ እየጣለ ድምፁን ይሰማል፣ ጠርዙንም ያበላሻል። የውኃው ፈተና ሳንቲሙን ምንም አይጎዳውም፤ አምስት ደቂቃም አይፈጅም።

1. ብርጭቆውን በግማሽ ውኃ ሞልተው ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ብርጭቆው ለትንሿ ሚዛን ከከበደ ቀላል የላስቲክ ኩባያ ይጠቀሙ።
2. ጠገራውን በቀጭኑ ክር በመስቀል ቅርጽ ይሰሩት።
3. ክሩን ይዘው ጠገራውን ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ወደ ውኃው ያውርዱት፤ ታችኛውን ወለልም ሆነ ግድግዳውን እንዳይነካ አንጠልጥለው ያቁሙት።
4. ሚዛኑ ያነበበውን ቁጥር ይጻፉ።
5. በደረጃ 3 ያገኙትን ክብደት ለዚህ ቁጥር ያካፍሉ።

ሙሉ ክብደት ያለው ማርትሬዛ ወይም የምኒልክ ጠገራ በውኃው ውስጥ 2.75 ገደማ ያስነብባል፤ 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይሆናል። 27.40 ግራም የሚመዝን የተበላ ጠገራ 2.69 ቢያነብ ውጤቱ ያው 10.2 ነው። ከ10.0 እስከ 10.4 ያለውን በደኅና ይቀበሉት። ውጤቱ 9 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መዳብ ወይም ናስ ነው፤ ከ11 በላይ ከወጣ እርሳስ ይጠርጥሩ።

ንባቡ የማይመስል ከሆነ፦ ቁጥሩ ድንገት ወደ 28 ከዘለለ ጠገራው ወለሉን ነክቷል። ንባቡ በዝቶ ውጤቱ ዝቅ ካለ የአየር አረፋ ተጣብቆበት ይሆናል፤ በውኃው ውስጥ ወዘወዝ አድርገው ይድገሙት። ክሩ ወፍራም ከሆነ ይለውጡት። ማንጠልጠያ የተበየደበት ጠገራ ውጤቱ ትንሽ ቢዛባ የሚጠበቅ ነው።

ይህ ፈተና አንድ ድክመት አለበት። ብር ያለበትን ከሌለበት ይለያል እንጂ ሰባ በመቶ ብር ያለበትን ከሰማንያ ሦስት በመቶው በእርግጠኝነት አይለይም። ጥርጣሬ ከቀረዎት ወርቅ ሠሪው በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ ያረጋግጥልዎት፤ ነገር ግን ፊቱን ወይም ጽሑፉን እንዲፈትግ አይፍቀዱ። ማንጠልጠያ ወይም ቀዳዳ ካለው በዚያው አካባቢ፣ ከሌለው በጠርዙ ቀድሞ በተጎዳ ቦታ ብቻ ይነካካ። «ሞርጄ ውስጡን ልየው» ካለዎት አመስግነው ይውጡ።

ደረጃ 5፦ ሁኔታውን ይመድቡ

አሁን በማጉያው ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ይመልከቱ፤ መበላት የሚጀምረው ከእነርሱ ነው። በማርትሬዛ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉርና የትከሻዋ ጌጥ፣ ከኋላው የንስሩ ደረት፤ በምኒልኩ የንጉሡ ጉንጭ፣ ጢምና የዘውዱ ጫፍ፣ ከኋላው የአንበሳው ጎፈርና ጭን ናቸው። ከአራቱ ምድቦች ወደ አንዱ ያግቡት።

እንደ አዲስ፦ ሁሉም መስመር ስል ነው፣ በሜዳው (ምስልና ጽሑፍ በሌለበት ገጽ) ላይ የመጀመሪያው ማንጸባረቅ ይታያል።
ጥሩ፦ ከፍ ያሉት ቦታዎች ብቻ ትንሽ ለስልሰዋል፣ ጎፈሩና ፀጉሩ ይቈጠራሉ።
የተበላ፦ ቅርጹ ይታወቃል፣ ዝርዝሩ ጠፍቷል፣ ዓመቱ ግን ይነበባል።
የተጎዳ፦ የተበሳ፣ የተበየደበት፣ የተጣመመ፣ የተፈተገ ወይም ዓመቱ የማይነበብ።

ለራስዎ ዕቃ አይራሩ። በሁለት ምድብ መካከል ካመነቱ ዝቅተኛውን ይጻፉ፤ ገዢው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በወሎ የሚገኙ ጠገራዎች ብዙዎቹ የአንገት ጌጥ ስለነበሩ ማንጠልጠያ አላቸው ወይም ተበስተዋል። ለሳንቲም ሰብሳቢ ይህ ጉዳት ነው፤ ማንጠልጠያውን አስነቅሎ ቀዳዳውን ማስደፈንም ጉዳቱን ያባብሰዋል። ነገር ግን ጌጡ ከነዶቃው፣ ከነፈትሉ፣ ጠገራዎቹ እንደተደረደሩ ሙሉ ሆኖ ከተረፈ ጨዋታው ሌላ ነው፦ አይበትኑት። ሙሉ የድሮ ጌጥ የሚፈልግ ሰው ለሳንቲሙ ብቻ ሳይሆን ለእጅ ሥራውም ይከፍላል፤ ከተበተነ በኋላ ግን የቀረው የግራም ሒሳብ ብቻ ነው። ሙሉውን ጌጥ በጌጥነቱ ለማየት የሚሻ ገዢ ከወርቅ ቤት ይልቅ በባቲ የሰኞ ገበያ ሊገኝ ይችላል።

ደረጃ 6፦ የማዕድን ዋጋውን ያስሉ

ይህ ሒሳብ ከታች የማይወርዱበትን መስመር ይሰጥዎታል። ማርትሬዛ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 83.3 በመቶ፣ በምኒልክ ጠገራና በክፍልፋዮቹ 83.5 በመቶ ነው። የኃይለ ሥላሴ ሃምሳ መጀመሪያ በ80፣ በኋላ በ70 በመቶ ስለተሠራና በዓይን ስለማይለይ በ70 ያስሉት። በዚህ መሠረት ያልተበላ ማርትሬዛ 23.39 ግራም፣ የምኒልኩ 23.44 ግራም፣ አላድ 11.72 ግራም፣ ሩብ 5.86 ግራም፣ ሃምሳ ሳንቲሙ 4.92 ግራም ንጹሕ ብር አላቸው። ያንተ ከእኔ አይበልጥም የሚል ክርክር ከመግጠምዎ በፊት ግን ከሰንጠረዥ የተገኘውን ሳይሆን እርስዎ የመዘኑትን ክብደት ይጠቀሙ።

ለምሳሌ ጠገራዎ 27.40 ግራም ከመዘነ፣ 27.40 በ0.833 ሲባዛ 22.82 ግራም ንጹሕ ብር ይሆናል። የንጹሕ ብር ግራም 100 ብር ነው እንበል፤ ይህ ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ቁጥር እንጂ የዛሬ ዋጋ አይደለም። የማዕድን ዋጋው 2,282 ብር ይሆናል ማለት ነው።

የዕለቱን ዋጋ ለማወቅ ጠገራውን ሳይዙ ወጥተው በአንድ ቀን ቢያንስ ሦስት ወርቅ ቤቶችን ይጠይቁ። ሲጠይቁ «ጠገራ ስንት ነው?» አይበሉ። «ብር በግራም ስንት ትገዛላችሁ? ለንጹሑ ነው ወይስ ከነመዳቡ ለሙሉው ክብደት?» ብለው ይጠይቁ። ሁለቱ መልሶች ሲሰሟቸው ተራርቀው ይታያሉ እንጂ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ለንጹሑ ግራም 95 ብር፣ ሌላው ለሙሉው ክብደት 80 ብር ቢል የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ 80 ለ0.833 ሲካፈል 96 ይሆናልና። የኮምቦልቻ ነዋሪ ከሆኑ ዋጋውን እዚያው ጠይቀው ደብተርዎ ላይ ካሰፈሩ በኋላ ወደ ደሴ ይውጡ፤ በአንድ ከተማ ያሉ ሱቆች ተነጋግረው ሊቆርጡ ስለሚችሉ ከሌላ ከተማ የመጣ ቁጥር ዓይን ይገልጣል።

ወርቅ ቤቱ ከማዕድን ዋጋው ዝቅ አድርጎ መግዛቱ ያለ ነው፤ ያቀልጣል፣ ያጣራል፣ ማትረፍም አለበት። እኔ እስከ አሥር በመቶ የሚደርስ ቅናሽ እቀበላለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ጠገራው ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ አይሻግትም።

ደረጃ 7፦ ከማዕድን በላይ የሚያወጣውን ይለዩ

የተበላ ወይም የተጎዳ ማርትሬዛ ከማዕድን ዋጋው ብዙም አይርቅም፤ በእርሱ ላይ ጊዜ አያጥፉ። ጥሩ ወይም እንደ አዲስ የሆነው ጥቂት ጭማሪ ያገኛል። የምኒልክ ጠገራ በጥሩ ሁኔታ ካለ፣ ከ1780 ውጭ ዓመት ያለው ማርትሬዛ፣ እንዲሁም የጣሊያኖቹ ግን በፍጹም በግራም አይሸጡም።

የእነዚህን ዋጋ ሲያጠኑ ሻጭ የጠየቀውን ሳይሆን ገዢ የከፈለውን ይፈልጉ። በይነ መረብ ላይ የተለጠፈ ዋጋ ምኞት ነው፤ ሳይሸጥ ዓመት የሚቀመጥ አለ። በዓለም አቀፍ የጨረታ ድረ ገጾች ላይ «የተሸጠ» የሚል ምልክት ያለባቸውን ብቻ፣ ዓመቱና ሁኔታው ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰለውን አምስት ያህል ይምረጡ፤ ከሁሉ የበለጠውንና ያነሰውን ጥለው ከቀሩት ሦስቱ መካከለኛውን ይያዙ። ከዚያም ላይ ይቀንሱ፦ ያ ዋጋ የአጫራቹን ክፍያ ይጨምራል፣ የተረጋገጠ ምስክር ወረቀት ያለውን ሊመለከት ይችላል፣ እርስዎም ከአገር ማውጣት አይችሉም። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ባሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆች የሚጠየቀውም መሸጫቸው ነው፤ ከእርስዎ የሚገዙበት እጅግ ያነሰ ይሆናል።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ጠገራ ሦስት ቁጥር ይጻፉ፦ የማዕድን ዋጋው፣ ሊያገኙ የሚገባዎት ዋጋ፣ ድርድር የሚከፍቱበት ዋጋ። ሦስተኛውን ብቻ አፍ አውጥተው ይናገራሉ።

ምንም ተመሳሳይ ሽያጭ ካላገኙ፦ ግምት አይፍጠሩ። ሁለት እርስ በርስ የማይተዋወቁ ገዢዎች ዋጋ እንዲያቀርቡ ያድርጉና ከፍተኛውን መነሻ ያድርጉ።

ደረጃ 8፦ ፎቶና መዝገብ

የሁለቱን ገጽና የጠርዙን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር ያንሡ። የስልክ መብራት ብሩን ስለሚያነጻው ያጥፉት፤ የጦሳ ተራራ ጉም የለበሰበት የደሴ ጧት በመስኮት አጠገብ ለዚህ ሥራ ከስቱዲዮ ይበልጣል። በፖስታው ላይ ዓይነቱን፣ ዓመቱን፣ በሁለት ነጥብ ቤት የተጻፈ ክብደቱን፣ የውኃ ፈተናውን ውጤትና ምድቡን ይጻፉ።

ደረጃ 9፦ ሽያጩ

በመጀመሪያው ቀን የሚሸጡትን ሁሉ ይዘው አይውጡ፤ ለናሙና አንድ ጥሩና አንድ የተበላ ብቻ ይያዙ፣ የቀረውን በፎቶ ያሳዩ። ከሰው ጋር ይሂዱ። ጠገራውን «አሳይቼ ልመልስ» ለሚል ሰው ለአንድ ሌሊትም ቢሆን አይተዉ። ገዢው ወደ ጓዳ ይዞት ከገባ አብረው ይግቡ፤ ካልፈቀደ መልሰው ይቀበሉት። ሲመለስልዎ እዚያው በፊቱ ይመዝኑት።

«በጅምላ ስጠኝ» የሚል ገዢ ሲገጥምዎ መጀመሪያ የምኒልኮቹን ያውጡና ስለ ቀሩት ብቻ ይነጋገሩ። በጅምላ የሚቀርብ ዋጋ ሲካፈል ዘወትር ወደ ተበላው ጠገራ ዋጋ ይወርዳልና፣ ፍላጎቱ በእርግጥ ምን ላይ እንደነበር በዚያው ይታወቃል።

ክፍያው በባንክ ከሆነ ባንክ ውስጥ ሆነው ይፈጽሙት፤ ስልክዎ ላይ በደረሰ አጭር መልእክት ሳይሆን በሒሳብዎ ላይ በገባው ገንዘብ ይመኑ። ከዚያም የሽያጭ ውል በሁለት ቅጂ ይጻፉ፦ የሁለታችሁም ስም፣ የጠገራዎቹ ዓይነትና ዓመት፣ የእያንዳንዱ ክብደት እስከ ሁለት ነጥብ ቤት፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ገዢው መዝኖና ፈትኖ መቀበሉ፣ የሁለት ምስክር ፊርማ።

ከሳምንት በኋላ ገዢው ተመልሶ «ሐሰተኛ ሸጠህልኛል» ካለ ከመከራከርዎ በፊት ጠገራውን ከሚዛን ላይ ያስቀምጡ። በውሉ 27.43 ተብሎ የተጻፈው አሁን 26.90 ካነበበ፣ ወይም በፎቶው ላይ ያለው የጠርዝ ጭረት በዚህኛው ላይ ከሌለ፣ ያመጣው የእርስዎን ጠገራ አይደለም። ክብደቱና ጭረቱ ከተገጣጠሙ ደግሞ የውኃውን ፈተና ምስክሮቹ ባሉበት ይድገሙለት።